የአዲስ ሞተር ሳይክል የሞተር ዘይት መለካትና ማስተካከል፦ ወልድያ፣ መርሳና ሀብሩ

የሞተር ዘይት መለካት ማለት በሞተሩ ታችኛው ክፍል የተጠራቀመው ዘይት አምራቹ ባስቀመጣቸው ሁለት ምልክቶች መካከል መሆኑን ማየት ነው። ማስተካከል ደግሞ የጎደለውን መሙላት ወይም የተረፈውን መቀነስ ነው። መቀነሱ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በአማራ ክልል መንገዶች ላይ የሚበዙት ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆኑ ባለአንድ ሲሊንደርና በአየር የሚቀዘቅዙ ሞተር ሳይክሎች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ዘይት ማነሱን የሚናገር መብራት የላቸውም። የሚይዙትም አንድ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። አራት ሊትር ከሚይዝ የቤት መኪና ላይ ግማሽ ሊትር ቢጎድል አብዛኛው ይቀራል፤ ከእነዚህ ላይ ግማሽ ሊትር ከጎደለ ግን የቀረው ግማሹ ነው።

በአዲስ ሞተር ሳይክል ላይ ከሚደርሰው የዘይት ስህተት ብዙው የሚመጣው ከዘይቱ ሳይሆን ከአለካኩ ነው። ስለዚህ ጠርሙስ ከመክፈት በፊት ሞተር ሳይክሉ የቆመበትን ቦታና አቋቋሙን ማየት ይቀድማል። ለወልድያና ለአካባቢዋ ይህ ከሌላው ቦታ የበለጠ ይሠራል።

አካባቢው

የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ ወልድያ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 520 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በተራራ ግርጌ ተቀምጣለች። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ደግሞ በዚያው የደሴ አስፋልት ላይ ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ ትገኛለች፤ ከፍታዋ ወደ 1,600 ሜትር ስለሚጠጋ አየሯ ሞቃት ነው። በሁለቱ መካከል ሲሪንቃ፣ ከመርሳ በታች ውርጌሳ አሉ። ከወልድያ ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው መንገድ በድልብ በኩል ሽቅብ እየተጠማዘዘ ወደ ጋሸና ይወጣል፤ ላሊበላ የሚሄደውም በዚሁ ነው። ጠዋት መርሳ ተነስቶ ከሰዓት ጋሸና የሚደርስ ሞተረኛ በአንድ ቀን ከቆላ ጠርዝ ወደ ደጋ ይሻገራል፤ ሞተሩም ረጅሙን ዳገት በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እየጮኸ ይወጣዋል።

ለዘይት መለኪያ ግን ከሙቀቱና ከቅዝቃዜው ይልቅ የሚያስቸግረው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ወልድያ ውስጥ ከአስፋልቱ ዳር ወጣ ሲሉ እውነተኛ ሜዳ ማግኘት ቀላል አይደለም። ሱቅ በር ላይ፣ ግቢ ውስጥ፣ ጋራዥ ደጃፍ የቆመ ሞተር ሳይክል ወይ ወደ ፊት ያዘቀዝቃል፣ ወይ ወደ ጎን ያጋድላል።

ንባቡ የሚሳሳተው እንዴት ነው?

ዘይት ፈሳሽ ነውና ሞተሩ ቢጋደልም ገጹ ዘወትር አግድም ይተኛል። ከገጹ ጋር የማይተኛው መለኪያው ነው። በእነዚህ ሞተር ሳይክሎች ላይ የጎን መቆሚያው በግራ በኩል ነው፤ የመለኪያው ዘንግ ወይም የመስታወቷ መስኮት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በቀኝ በኩል ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ሆንዳ ሲጂ 125 እንዲህ ነበር፤ እሱን ተከትለው የተሠሩት በርካታ የቻይና ሞተር ሳይክሎችም እንዲሁ ናቸው። በጎን መቆሚያው ላይ የተተወው ሞተር ሳይክል ወደ ግራ ሲያጋድል ቀኝ ጎኑ ከፍ ይላል፤ ዘይቱ ወደ ግራ ይሸሻል፤ በቀኝ የገባው መለኪያ ደርቆ ይወጣል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። መለኪያው ከሞተሩ መሃል 10 ሴንቲ ሜትር ቢርቅና ሞተር ሳይክሉ 10 ዲግሪ ቢያጋድል፣ ንባቡ በ1.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይዛባል። በትናንሽ ሞተሮች መለኪያ ላይ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ምልክት መካከል ያለው ርቀት ከዚህ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ልክ የሆነ ዘይት «የለም» ተብሎ ይነበባል፤ ባለቤቱም «አዲስ ሞተር ያለ ዘይት ሸጡልኝ» ብሎ የገዛውን ጠርሙስ ሙሉውን ይገለብጥበታል። ሻጩ ላይ የሚነሣው ክስ አንዳንዴ እውነት ነው፤ አንዳንዴ ግን ጥፋቱ የጎን መቆሚያው ብቻ ነው።

ሌላው የስህተት ምንጭ ጊዜ ነው። ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያው ከተለካ ብዙው ዘይት ገና በላይኛው ክፍል፣ በቫልቮቹ ዙሪያና በፍሪሲዮኑ ሽፋን ውስጥ ስለሚሆን ንባቡ ያንሳል። ጨርሶ ሳይነሣ ከተለካ ደግሞ አዲሱ ፊልትሮና የዘይት መተላለፊያ ቱቦዎቹ ገና ባዶ ሊሆኑ ስለሚችሉ ንባቡ ይበዛል፤ ሞተሩ አንዴ ተነሥቶ ሲሠራ እነሱ ጠጥተው ደረጃው ዝቅ ይላል። ከሱቅ በወጣ ማግስት «ዘይት በላ» የሚባለው ሞተር አንዳንዱ ያደረገው ይህንን ብቻ ነው። በሣጥን ታሽገው የሚመጡ ሞተር ሳይክሎች የሚገጣጠሙት እዚሁ አገር ውስጥ ስለሆነ፣ ዘይቱን የሞላው ማን እንደሆነና መሞላቱን ገዢው ከመረከቡ በፊት ቢጠይቅ ነውር የለውም።

አለካኩ

ቦታው ደልዳላ መሆኑን ለማወቅ ውሃ ልክ ካለ መልካም ነው፤ ከሌለ ግማሹን ውሃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ መሬት ላይ አጋድሞ የውሃውን ገጽ ማየት ይበቃል። የማደያ ሲሚንቶ ወይም የመጋዘን ወለል ከግቢ አፈር ይሻላል። የመሃል መቆሚያ ያለው በእሱ ላይ ይቆማል፤ የሌለው ደግሞ አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፣ ሌላው ጎንበስ ብሎ ያነባል። ብቻን ሆኖ በአንድ እጅ መሪ እየያዙ ማንበብ ንባቡንም ሞተር ሳይክሉንም ለአደጋ ይዳርጋል።

ሞተሩ ሁለት ሦስት ደቂቃ በባዶው ይሠራል፤ ይጠፋል፤ እንደገና ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠበቃል። ከድልብ ቁልቁለት ወይም ከረጅም መንገድ የመጣ ከሆነ ጊዜው ረዘም ይበል፤ የሞተሩ ክዳንና የማርሚታው ጎን እጅ ያቃጥላልና። ከዚያ የመለኪያው ዘንግ ይወጣል፣ ክር በማያራግፍ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ተመልሶ ይገባል፣ ይወጣል፣ ይነበባል። እዚህ ላይ መመሪያውን ማየት የግድ ነው። በብዙ ሞተር ሳይክሎች ላይ ዘንጉ ሲለካ አይጠመዘዝም፣ ጥርሱ አፍ ላይ እንዲያርፍ ብቻ ይደረጋል። በሌሎች ላይ ደግሞ ተጠምዝዞ ይገባል። አንዱን በሌላው ፈንታ ያደረገ ሰው በጥርሱ ቁመት ልክ ተሳስቶ ያነባል። መስኮት ያላቸው፣ እንደ ባጃጅ ፑልሳር 150 ያሉት፣ ከዚህ ጣጣ ነጻ ናቸው፤ ግን መስታወቷ በጭቃ ወይም በአሮጌ ዘይት ከጠቆረች ባዶና ሙሉ አንድ ይመስላሉ። ሞተር ሳይክሉን ጥቂት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉት የዘይቱ ገጽ በመስኮቷ ውስጥ ይንቀሳቀሳል፤ ካልተንቀሳቀሰ ወይ ከመስኮቷ በላይ ሞልቷል፣ ወይ ከታች ነው።

ሲያንስ

ዘይት ሲያንስ የቀረው በፍጥነት ይሞቃል፣ ይቀጥናል፣ የፋሻና የካሚቻ (የፒስተን ቀለበትና የሲሊንደር ግድግዳ) መፋተግ ይበረታል። በድልብ ዳገት ወይም ቁልቁለት ላይ ደግሞ ያለው ጥቂት ዘይት ወደ አንድ ወገን ስለሚሸሽ ፓምፑ ከዘይት ጋር አየር ሊስብ ይችላል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ዝቅተኛው ምልክት ጋ የደረሰ ዘይት ይዞ ወደ ጋሸና መውጣት ጥሩ ሐሳብ አይደለም።

መሙላት በጥቂት በጥቂቱ ነው። አንድ የቡና ሲኒ ያህል ይጨመራል፣ ደቂቃ ይጠበቃል፣ ይለካል። በትናንሽ ሞተሮች በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ዘይት ከግማሽ ሊትር በታች ስለሆነ ባለአንድ ሊትር ጠርሙስ ጨርሶ መገልበጥ ብዙ ጊዜ ያበዛዋል። ግቡም ከፍተኛው ምልክት ድረስ ማድረስ ሳይሆን ከመሃል ከፍ ማድረግ ነው።

የዘይቱ ዓይነት ከመጠኑ እኩል ያስፈልጋል። በአገራችን ለእነዚህ ሞተሮች በስፋት የሚሸጠው 20ደብሊው-50 ነው። ሁለተኛው ቁጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለውን ውፍረት የሚመድብ ሲሆን፣ 50 ቁጥር ማለት በዚያ ሙቀት ከ16.3 እስከ 21.9 ሴንቲስቶክ ነው፤ 40 ከ12.5 እስከ 16.3 ላይ ያርፋል። ለመርሳ ሙቀትም ለወልድያ ዳገትም 20ደብሊው-50 አያሳፍርም፤ አንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች ግን ቀጠን ያለ ዘይት ይጠይቃሉ፤ ያኔ የሚታመነው መመሪያው ነው እንጂ የሱቁ ምክር አይደለም። ሌላው ነገር ፍሪሲዮኑ ነው። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ከሞተሩ ጋር በአንድ ዘይት ተነክሮ ይሠራል። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ማለስለሻ የተጨመረበት የመኪና ዘይት ከተሞላበት ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ሊጀምር ይችላል፦ ጋዝ ሲሰጠው ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይከተልም። በጠርሙሱ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል የጃፓን ደረጃ ምልክት መኖሩን ማየት ከዚህ ያድናል። የጠርሙሱ ማኅተም ያልተነካ መሆኑንም እንዲሁ።

ሲበዛ

«ዘይት ቢበዛ ምን ይጎዳል?» የሚለው አባባል ጋራዥ ውስጥም ይሰማል። ይጎዳል። በሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚሽከረከረው ክራንክ ሻፍት ዘይቱን መምታት ከጀመረ አረፋ ያወጣዋል፤ አረፋ ደግሞ አየር ነውና ፓምፑ የሚያቀብለው ዘይት ጉልበት ያጣል። ግፊቱም ሲያይል ዘይቱ በመተንፈሻው ቱቦ ወጥቶ የአየር ማጣሪያውን ያርሳል፤ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይታያል፤ የዘይት ማገጃ ላስቲኮቹ ያፈስሳሉ። አዲስ ሞተር ላይ ይህንን ያየ ባለቤት «ፋሻው ገና ከአሁኑ ሄደ» ብሎ ሊያስፈታው ይችላል፤ ያስፈለገው ግን ሁለት ሲኒ ዘይት መቀነስ ነበር።

ለመቀነስ ንጹሑ መንገድ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ የተገጠመለት ትልቅ ሲሪንጅ በመሙያው አፍ አስገብቶ መሳብ ነው። የሥሩን ብሎን አላልቶ ማንጠብጠብም ይቻላል፤ ብቻ ብሎኑ የሚገባው ለስላሳ አሉሚኒየም ውስጥ ስለሆነ በረጅም ቁልፍ በጉልበት ያሰረው ጥርሱን ይበላዋል። ከሥሩ ያለችው ቀለበት ጠፍታ ወይም ተጣማ ከተመለሰች በማግስቱ የሞተሩ ሆድ ረጥቦ ይገኛል።

ሳይጨመርበት የበዛ ዘይት ሌላ ነገር ነው። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተና ከቀጠነ ካርቡሬተሩ እያሳለፈ ነው፤ ሞተሩ መነሣት የለበትም። ቡና በወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ በክረምት ጎርፍ ያቋረጠ ሰው ይህን ያውቀዋል። በሁለቱም ጊዜ መቀነስ መፍትሔ አይደለም፤ ጠቅላላ ዘይቱ ይቀየራል፣ ምክንያቱም ይፈለጋል።

የሮዳጅ ጊዜ

አዲስ ሞተር የመጀመሪያዎቹን ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር በሮዳጅ ያሳልፋል። ፋሻው ከካሚቻው፣ የማርሽ ጥርስ ከጥርስ ጋር እስኪላመድ ድረስ ትንሽ ዘይት መብላቱም፣ በዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ መታየቱም ያለ ነው። የመጀመሪያው ዘይት ቶሎ የሚቀየረው ለዚህ ነው፤ የተወሰነውን ኪሎ ሜትር የሚናገረው የአምራቹ መመሪያ ነው። በዚህ ጊዜ በየሳምንቱ፣ ወይም ቤንዚን በተሞላ ቁጥር መለካት ይገባል። ከዚያ በኋላም አቧራማ ጥርጊያ መንገድ የሚበዛበት፣ ለምሳሌ ከመርሳ ወደ ጊራና በኩል የሚመላለስ፣ የአየር ማጣሪያውን ከዘይቱ ጋር አብሮ ይየው፤ ማጣሪያው ያሳለፈው አቧራ ፋሻ ይሞርዳል፣ የተሞረደ ፋሻ ዘይት ያሳልፋል።

የተለዩት

በግብርናና በጤና ጽሕፈት ቤቶች ለዓመታት የኖሩት ያማሃ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 ባለሁለት ምት ናቸው። ከላይ የተባለው የሚሠራው ለባለአራት ምት ስለሆነ ለእነሱ አይሆንም። ሁለት ዘይት አላቸው፦ አንዱ ከቤንዚኑ ጋር የሚቃጠልና በራሱ ታንከር የሚቀመጥ ነው፤ ይህ መቀነሱ ተፈጥሮው ስለሆነ መሙላት እንጂ መደንገጥ አያስፈልግም። ሌላው የካምቢዮ ዘይት ነው፤ እሱ ከቀነሰ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው። ከዲቲ ወደ አዲስ ባለአራት ምት የተሸጋገረ ሠራተኛ ዘይት ከቤንዚን ጋር ሲቀላቅል የተገኘበት ጊዜ የለም ማለት አይቻልም። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ሞተር ሳይክሎች ደግሞ የሞተር ዘይት ጭራሽ የላቸውም።

ከየትኛውም ሞተር የተቀዳው አሮጌ ዘይት ክዳን ባለው ጀሪካን ይጠራቀማል። ብዙ ሰው ምስጥ እንዳይበላው የአጥር እንጨት ይቀባበታል፤ የመስኖ ቦይ አጠገብ ግን መቅባትም መድፋትም አይገባም፤ በሀብሩ የፍራፍሬና የሽንኩርት ማሳዎች የሚጠጡት ከዚያው ውሃ ነው።