በቆጂና የጠዋቱ ሰልፍ

ስለ በቆጂ ሯጮች ሲወራ ብዙ ሰው አየሩን ያመሰግናል። እኔ የስፖርት መምህር ነኝና የማመሰግነው ሌላ ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ለበቆጂ ብቻ አልተሰጠም፤ ደብረ ብርሃንም ደባርቅም አላቸው። ያቺ ገብስና ስንዴ አብቃይ የአርሲ ከተማ ግን ልጆችን በማለዳ ሰብስቦ የሚያሮጥ መምህር አገኘች።

አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የሐረር ሰው ናቸው፤ ልባቸውም መጀመሪያ እግር ኳስ ላይ ነበር። በቆጂ የገቡት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊያስተምሩ ነው። የባሕር ዛፉን ደን መለማመጃ አደረጉት፦ ልጆቹ ተሰልፈው፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ በግንዶቹ መካከል ይጥመዘመዛሉ። ካሰለጠኗቸው ልጆች አንዷ ደራርቱ ቱሉ ነበረች።

ደራርቱ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ኦሊምፒክ ላይ የ10,000 ሜትሩን ወርቅ ወሰደች። በ1988 ዓ.ም. የበቆጂዋ ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ የማራቶኑን ደገመች። በ2000 ዓ.ም. ቤይጂንግ ላይ ደግሞ በወንዶችም በሴቶችም የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቅ፣ አራቱም፣ የቀነኒሳ በቀለና የጥሩነሽ ዲባባ ሆነ፤ የአንድ አካባቢ ልጆች።

ይህን ስተርክ ወላጆች «መምህር፣ የኔስ ልጅ ሯጭ ይወጣዋል?» ይሉኛል። ላይወጣው ይችላል እላቸዋለሁ። በቆጂም ቢሆን በየማለዳው ከሚሮጡት አብዛኞቹ ስማቸው በሬዲዮ አልተጠራም። ሩጫው ግን ለእነሱም ነው።

ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ አሰላ አካባቢ ትምህርት ቤት የሚሄደው 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ነበር፤ ሲመለስም እንደዚያው። ደብተር ያቅፍበት የነበረው ግራ እጁ በትልልቅ ውድድሮች ላይም ታጥፎ ይታይ ነበር። ለዚያ ትውልድ መንገዱ ራሱ የሩጫ ክበብ ነበር። የእኔ ተማሪዎች ከቤታቸው በር እስከ ትምህርት ቤቱ በር በሰርቪስ ነው የሚመጡት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። መንገዱ የቀረበትን ልጅ የሚክሰው እንግዲህ የሩጫ ክበብ ነው። ለዚህም ሜዳና ሰዓት አክባሪ መምህር ይበቃል።

በእኛ ክበብ ልጆች ላይ ለውጡን የማየው ሰዓት በመያዝ አይደለም። አንደኛው ክፍለ ጊዜ ላይ መቀመጥ የሚያቅተው ልጅ ሮጦ ሲገባ ረጋ ብሎ ይጽፋል። ምሳ ዕቃውን ሳይነካ ይመልስ የነበረው ጥርግ አድርጎ ይበላል። ስሟን ስትጠየቅ የምታቀረቅር ልጅ ሰልፍ መምራት ትጀምራለች።

ከበቆጂ የወሰድኩት ያንን ሰልፍ ነው። በእኛ ክበብ ማጣሪያ የለም። መሪው በየሳምንቱ ይቀየራል፤ ፍጥነታችንን የሚወስነው ከኋላ ያለው ልጅ ነው። ሰዓት የምይዘው ልጁ ራሱ «ያዝልኝ» ሲለኝ ብቻ ነው።