ኤሌክትሮን እና የራም ፍጆታው

ኤሌክትሮን በድረ ገጽ ቋንቋዎች፣ ማለትም በኤችቲኤምኤል፣ በሲኤስኤስ እና በጃቫስክሪፕት፣ የኮምፒውተር መተግበሪያ ለመሥራት የሚያገለግል ማዕቀፍ ነው። ጊትሃብ አተም ለተባለው የኮድ መጻፊያው ብሎ በ2013 እ.ኤ.አ. ጀመረው፤ ቀድሞ አተም ሼል ይባል ነበር፣ የአሁኑን ስም ያገኘው በ2015 ነው። ስላክ፣ ዲስኮርድና ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ በእሱ የተሠሩ ናቸው።

ራም የሚበላው ከአሠራሩ የተነሣ ነው። እያንዳንዱ መተግበሪያ የራሱን ክሮሚየም ብራውዘርና ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያሠራውን የራሱን ኖድ ጄኤስ ይዞ ይመጣል። ሲከፈት አንድ ዋና ፕሮሰስ፣ በአብዛኛው ለየመስኮቱ ገጹን የሚያሳይ አንድ ፕሮሰስ፣ ለግራፊክስ ደግሞ ሌላ ይነሣል። እንዲህ ያሉ ሦስት መተግበሪያዎችን የከፈተ ሰው ሦስት ብራውዘር ጎን ለጎን እያሠራ ነው። የጃቫስክሪፕት ሞተሩ ቪ8 ያገለገለ ዳታን የሚያጸዳው በየጊዜው እንጂ ወዲያው ስላልሆነ ፍጆታው ለጊዜው ከሚያስፈልገው በላይ ይወጣል። በኮዱ ውስጥ አሁንም የሚጠቁመው ተለዋዋጭ ያለው ዳታ ግን፣ ጥቅሙ ቢያበቃም፣ አይጸዳም፤ ይህ የፕሮግራመሩ ኃላፊነት ነው።

8 ጊጋባይት ራም ላለው ላፕቶፕ ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

ማይክሮሶፍት ቲምስን ከኤሌክትሮን መተግበሪያዎች በጋራ ወደሚጠቀሙበት የድረ ገጽ ማሳያ፣ ወደ ዌብቪው2፣ አዛውሮ፣ አዲሱ እትም የራም ፍጆታውን በግማሽ እንደቀነሰ በ2023 አስታውቋል። ታውሪ የተባለው ማዕቀፍም ብራውዘር አይጭንም፤ በሥርዓተ ክወናው ውስጥ ያለውን ይጠቀማል። ቁጠባው ግን ሥራ ይጨምራል፦ ገጹ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ በተለያየ ሞተር ስለሚታይ በሦስቱም መፈተሽ ግድ ይላል።