ካሎ፤ ለጥጃ የተከለለ ሣር

የአገራችን ታሪክ ሲጻፍ የነገሥታትና የጦር ሜዳው ወሬ ይበዛል። ሣርም ታሪክ አለው ብሎ ብዕሩን የሚያነሣ ብዙ አይገኝም። እኔ ግን በነጌሌ ቦረና አጠገብ የተዘረጋውን የሊበንን ሜዳ ነገር ባነበብኩ ቁጥር የምደርሰው ከሣሩ ታሪክ ላይ ነው።

ፈረንሳዊው የአዕዋፍ ተመራማሪ ክርስቲያን ኤራር እ.ኤ.አ. በ1968 ከዚህ ሜዳ አንዲት ቡናማ ትንሽ ወፍ አገኘ፤ በ1975ም ለሳይንስ አዲስ መሆኗን አሳወቀ። የሊበን ላርክ የምትባለው ይህች ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ በሣር ሥር ነው። ሣሩ ከተጋጠ እንቁላሏም ጫጩቷም ለአዳኝና ለከብት ሰኮና ተጋልጦ ይቀራል።

የሜዳው ሣር የተጎዳው በአንድ ቀን አይደለም። የቀድሞው አርብቶ አደር ከብቱን እንደ ዝናቡ ያዘዋውር፣ ቁጥቋጦና መዥገር ሲበዛበትም ሜዳውን በእሳት ያጸዳ ነበር። በ1970ዎቹ ማቃጠል በመንግሥት ተከለከለ፤ ቁጥቋጦው ሜዳውን ወረረው። ሰዉ በአንድ ቦታ እየረጋ መጣ፤ ከፊሉ መሬት ታረሰ፤ የቀረው ከአቅሙ በላይ ተጋጠ። ተመራማሪዎች በ2007 በሜዳው ላይ የነበሩትን ወፎች ከ90 እስከ 256 ገመቱ። በ2009 ተመልሰው በዚያው መንገድ ሲቆጥሩ ያገኙት በ40 በመቶ ያነሰ ነበር። ወፏ በተመዘገበው ታሪክ ከአፍሪካ ዋና ምድር የምትጠፋ የመጀመሪያዋ ወፍ እንዳትሆን ተሰጋ።

መፍትሔው የተገኘው ከራሱ ከአርብቶ አደሩ ልማድ ነው። የቦረና ሽማግሌዎች ከግጦሹ አንዱን ክፍል በእሾህ አጥረው ለበጋ ያቆያሉ፤ ሣሩም ለጥጃና ለደከመ ከብት ይሆናል። ስሙ ካሎ ይባላል። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርና አጋሮቹ ከነዋሪው ጋር መክረው በሊበን ካሎዎች እንዲከለሉ አደረጉ። በአጥሩ ውስጥ ሣሩ አንሰራራ፤ ወፏም ወደዚያው ተጠጋች።

ይሁንና ካሎ የሚጸናው ሕጉን የሚያከብርለት ሰው እስካለ ድረስ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ሲቀሩ በቦረና እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። ላሙ እየሞተችበት ያለን ሰው «ይህ ሣር ለወፏ ነውና አትንካ» ማለት ከቶ አይቻልም። «ይህ ለጥጃህ ያቆየኸው ነው» ማለት ግን ይቻላል፤ አባቶቹም ሲሉት የኖሩት ይህንኑ ነበር።

ስለዚህ ወፏን ለማዳን የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ የአርብቶ አደሩን ሥልጣን ማክበር ይገባዋል እላለሁ። የትኛው መሬት እንደሚከለል፣ መቼ እንደሚከፈት፣ የማን ከብት እንደሚቀድም የሚወስነው እርሱ ይሁን። ጥጃው የሚበላው ሣር ካለ ወፏም መጠለያ አታጣም። ሽማግሌው በገዛ ሜዳው ላይ ቃሉ የማይሰማ ከሆነ ግን ጥጃውም ወፏም አብረው ይጎዳሉ።