ፀሐይ ለእንግዳ፣ ደመና ለገበሬ
የቅንጦት ዕረፍት ዕቅድ ከሮቢት መንገድ ዳር ሲታይ

የተቀማጠለ ዕረፍት የሚሻ መንገደኛ ጉዞውን ሲያስብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ አየሩ ጠባይ ነው። ዝናብ አለን? ደመና አለን? ባሕሩስ ይሞቃልን? በሜዲቴራኒያን ባሕር ዳር የሚገኙ ትንንሽ አገሮች ይህን ጥያቄ ቀደም ብለው ስለ ተረዱት ፀሐያቸውን እንደ ሸቀጥ ለዓለም ገበያ አቀረቡ። ስፋቷ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነው ማልታ እ.ኤ.አ. በ1964 ነፃነቷን ካገኘች በኋላ፣ ከብሪታንያ የባሕር ኀይል ሠፈር ታገኝ የነበረውን እንጀራ በእንግዳ ገቢ ለመተካት የተነሣችው በዚሁ መንገድ ነው።

አገራችንም በዚያው ዘመን ወደዚሁ ገበያ ገብታለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ አድርጎ፣ በ1955 ዓ.ም. የጄት አውሮፕላን ባለቤት ሆነ። በ1950ዎቹ የቱሪስት ድርጅት ተቋቋመ፤ መሪው አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰም አገሪቱን «የ13 ወር ፀሐይ» አገር ብለው ለዓለም አስተዋወቁ። ዐሥራ ሁለቱ ወሮች ሠላሳ ሠላሳ ቀን፣ ጳጉሜን ደግሞ አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት መሆኑን ይዘው፣ የቀን አቈጣጠራችንን ራሱን ማስታወቂያ ማድረጋቸው ታላቅ ብልኀት ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ለውጭ ሰው «ፀሐይ» የተባለው በአማርኛ «የ13 ወር ጸጋ» ተብሎ ተለመደ። ፀሐይን ብቻ ጸጋ ብሎ መጥራት ለአገሬው ጆሮ የሚከብድ ነበርና።

ለምን እንደሚከብድ ለመረዳት ወደ ሮቢት መውረድ ይበቃል። ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በራያ ሜዳ የምትገኝ ቆላማ ከተማ ናት። በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በስተ ምዕራብ የጊዳንና የላስታ ደጋ ይታያል። ምድሩ ማሽላና ጤፍ ያበቅላል፤ ውሃው ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከሌላ ሰማይ ነው። በምዕራቡ ደጋ ሲዘንብ ጎርፉ ወደ ሜዳው ይወርዳል፤ የራያ ገበሬም ጎርፉን በቦይ እየጠለፈ ወደ ማሳው ያስገባል። ስለዚህ የሮቢት ሰው ዐይኑን አንሥቶ የሚጠብቀው ፀሐይን ሳይሆን በተራራው ራስ ላይ የሚያረብበውን ደመና ነው።

ከዚያው ተራራ ማዶ፣ በቀጥታ ቢለካ ከ70 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ፣ ላሊበላ ይገኛል። የቱሪስት ድርጅት ከነደፋቸው ዕቅዶች ዋነኛው «ታሪካዊው መሥመር» የተባለው ሲሆን፣ እንግዳውን ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን በአየር እያዘዋወረ ያሳይ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ 3 አውሮፕላኖች በሜዳ ላይ በተደለደሉ ማረፊያዎች እያረፉ እንግዳውን ያደርሱ ነበር። የላሊበላ ማረፊያ ግን በክረምት ስለሚጨቀይ አያገለግልም ነበር። እንግዲህ በአንድ ተራራ ላይ የወጣው ደመና የአንዱን ጉዞ ሲያሰናክል፣ የሌላውን ማሽላ ያበቅል ነበር ማለት ነው። የጉዞ ዕቅዱ የመጀመሪያውን ኪሳራ በትጋት ይመዘግባል፤ ለሁለተኛው ትርፍ ግን ዓምድ አልነበረውም።

ይህ የሒሳብ ጉድለት በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በግልጥ ታየ። ዘመኑ ለቱሪዝም የተመቸ ነበር። የአዲስ አበባ ሒልተን እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ እንግዳ ይቀበላል፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1972 በኢጣሊያዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት ታድሰዋል፤ በምፅዋም፣ በዚያን ጊዜ የራሳችን በነበረው ባሕር ዳር፣ ዋናና ዓሣ ማጥመድ ለጎብኚ ይቀርባል። በዚያው ወራት በወሎ ዝናብ ተቋረጠ። ፀሐይ አልጎደለችም፤ የጎደለው ደመና ነበር። የራያ ቆላ ሕዝብ ማሳውን ትቶ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ፤ በመንገዱ ዳርም ተሰብስቦ ከሚያልፉት መኪናዎች እርዳታ ይለምን ጀመር። በሚያዝያ 1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎን ጎብኝተው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ለሕዝብ አሳዩ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ የብሪታንያው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም ረኀቡን ለዓለም ገለጠ። ይኸው ፊልም ተቀናብሮ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በማግሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት እንዳስገነዘበው፣ የወሎ ሕዝብ የተጎዳው እህል ከአገሪቱ ስለ ጠፋ ሳይሆን የሚገዛበት ዐቅም ስላጣ ነው፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ስፍራ የወጣ እህል እንደ ነበር ተነግሯል። መንገዱ ነበረ፤ መኪናው ነበረ፤ ሰውየው ግን በዕቅዱ ውስጥ አልነበረም።

ታዲያ ይህ የእኛ ብቻ ጉድለት እንዳይመስለን፣ ወደ ሜዲቴራኒያን ጠረፍ ተመልሰን አንድ ምሳሌ እንይ። ሞንቴኔግሮ 13,812 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት፣ በአድርያቲክ ባሕር ዳር የምትገኝ ትንሽ አገር ናት። ቀድሞ የዩጎዝላቪያ ክፍል ነበረች፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1946 ዓ.ም. ዩጎዝላቪያን ከጎበኙ በኋላም ሁለቱ መንግሥታት በጽኑ ወዳጅነት ተሳስረው ኖረዋል። በዚያች ጠረፍ ስቬቲ ስቴፋን የምትባል፣ በቀጭን የአሸዋ መንገድ ከየብስ ጋር የተያያዘች የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ነዋሪዎቿ ወደ የብሱ እንዲዛወሩ ተደርጎ ቤቶቻቸው የሆቴል ክፍሎች ሆኑ፤ ሆቴሉም እ.ኤ.አ. በ1960 ተከፈተ። ሶፊያ ሎረንን የመሰሉ የፊልም ከዋክብት ዐረፉበት። ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ግን ጥያቄው ተነሣ፦ ባሕር ዳሩ የማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2021 የአገሬው ሰው በባሕር ዳሩ የመጠቀም መብት ባስነሣው ክርክር ሆቴሉ በሩን ዘጋ። ከዕቅዱ ውጭ የተደረገው ሕዝብ ውሎ አድሮ ወደ ዕቅዱ መግባቱ አይቀርም።

በላሊበላም ከዚህ የሚቀራረብ ነገር ታይቷል። አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩ በኋላ፣ ቅርሱን ለመጠበቅና ጉብኝቱን ለማደራጀት ሲባል በአጠገባቸው ይኖሩ ከነበሩት ቤተሰቦች ብዙዎቹ ወደ ሌላ ሠፈር ተዛውረዋል። ቅርሱን መጠበቅ ግዴታ ነው፤ ነገር ግን እንግዳ ሊያይ የሚመጣው ድንጋዩን ብቻ ነውን? ለገና በዓል ከቆላው በእግሩ ወደ ላስታ የሚወጣው ምእመን ሲያድርበት የኖረው ቤትስ የዚያው ቅርስ ክፍል አይደለምን?

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት ነገሩን እንደገና አስታውሶናል። የቆቦ ሜዳና ላሊበላ በጦርነቱ በእኩል ተነኩ። ሮቢት ሰላም ስታጣ የላሊበላ ሆቴል አልጋው ባዶውን አደረ። በአየር የተዘረጋው መሥመር ከምድሩ የተለየ መስሎ ለብዙ ዘመን ቢኖርም፣ በችግር ጊዜ ሁለቱ አንድ መሆናቸው ታወቀ። የባሕር በራችን በ1985 ዓ.ም. ከኤርትራ ነፃነት ጋር ከተለየን ወዲህ፣ የቅንጦት ዕረፍት ዕቅዳችን ወደ ሐይቅና ወደ ተራራ ዞሯል፤ በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆኑት የጎርጎራ፣ የወንጪና የኮይሻ ሥራዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። ለእነርሱም የሚቀርበው ጥያቄ ያው የሮቢት ጥያቄ ነው።

በሆቴል፣ በአስጎብኚነትና በጉዞ ዝግጅት ሥራ የተሰማራን የማኅበሩ አባላት የዚህን ታሪክ ትምህርት ከሙያችን ውጭ አድርገን ልንመለከተው አይገባም። በወሎ ቆላ የመሸበት መንገደኛ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ ከደጅ ሲቆም፣ ባለቤቱ «ቤት ለእንግዳ» ይለዋል። ይህ ሥርዓት ከማንኛውም የሆቴል ደረጃ መለኪያ ይቀድማል፤ መሠረቱም ባለቤቱ ቤት ያለው፣ በቤቱም እህል ያለው መሆኑ ነው። እንግዳ የሚቀበል ሕዝብ ራሱ ከመንገድ ዳር ቆሞ ለማኝ የሆነበትን ዘመን አይተናል። ስለዚህ ዕቅድ ስናወጣ የፀሐዩን ቀን ከቈጠርን በኋላ የዝናቡንም ቀን እንቊጠር፤ በሁለት አውሮፕላን ማረፊያ መካከል ያለውን አገር በካርታው ላይ ባዶ አድርገን አንለፈው። የ13 ወር ጸጋ የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው፣ ፀሐዩ ለእንግዳው፣ ደመናውም ለገበሬው በየወራቱ የደረሰ እንደሆነ ነው።