የማን ጥገኛ ነኝ?

ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ፣ ፌብሯሪ ውስጥ አንድ ማታ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ በስልኬ ታክስ ፋይል አደረግኩ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ እሠራ ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ ሰዓት፣ ትምህርት ሲጀመር ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ብቻ። የዓመቱ ገቢዬ 6,000 ዶላር አይሞላም። ከቼኬ ላይ የተቆረጠው የፌዴራል ታክስ እንደሚመለስልኝ ሰምቻለሁ። መሀል ላይ አንድ ጥያቄ መጣ፦ “ሌላ ሰው እንደ ጥገኛ ሊያስመዘግብህ ይችላል?”

ደሞ የማን ጥገኛ! ሠርቼ የማድር ሰው ነኝ። “አይችልም” የሚለውን ነካሁና ተኛሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አባቴ ታክስ ከሚሠራለት ሰው ዘንድ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። ፋይሉ ተመልሶበታል። የልጁ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሌላ ፋይል ላይ ገብቷል ተብሎ። አባቴ ሆቴል ውስጥ ሌሊት ነው የሚሠራው፤ የዚያን ዓመት ሪፈንድ ለተጠራቀመው የቤት ኪራይ አስቦት ነበር።

“ቁጥርህን ሌባ ወስዶት ይሆናል” አለኝ።

ሌባው እኔ ነበርኩ። ግን ዝም አልኩ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ያንን ጥያቄ ፎርሙ ላይ ማን እንዳስቀመጠው መፈለግ ጀመርኩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ታክሱ ሲጀመር እንደኛ ዓይነቱን ሰው አይመለከትም ነበር። ኮንግረስ በ1894 የገቢ ግብር ሕግ ሲያወጣ፣ ቻርለስ ፖሎክ የሚባል ባለ አክሲዮን ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰደው። በ1895 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ግብሩን ሻረ። “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” ሲባል ሰምቶ ላደገ ሰው ይሄ ይገርማል። መንግሥት ግብሩን መልሶ ለማምጣት ሕገ መንግሥቱን ራሱን ማሻሻል ነበረበት። 16ኛው ማሻሻያ በ1913 ጸደቀ፤ ዛሬም የምንሞላው ፎርም 1040 ያን ጊዜ ተወለደ። ላላገባ ሰው የመጀመሪያው 3,000 ዶላር ነፃ ነበር። በጊዜው ይሄ ትልቅ ገንዘብ ስለሆነ፣ ፎርሙን የሞላው ከመቶ አሜሪካዊ አንድ እንኳ አይሆንም።

የፓርኪንግ ሠራተኛውን ወደ ፎርሙ ያስገባው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ለጦርነቱ ገንዘብ ሲፈለግ ከታክስ ነፃ የነበረው መጠን ዝቅ ተደረገ፣ ከፋዩም ከጥቂት ሚሊዮን ወደ አሥር ሚሊዮኖች ተሻገረ። ይሄን ሁሉ ሕዝብ በዓመት አንዴ እየጠበቁ ማስከፈል አይቻልም። ስለዚህ ከ1943 ጀምሮ አሠሪው ደመወዙን ከመስጠቱ በፊት ታክሱን ቆርጦ እንዲያስቀር ተደረገ። የሚቆረጠው ግን በግምት ነው። ክረምት ላይ ሙሉ ሰዓት ስሠራ፣ ዓመቱን ሁሉ እንደዚያ የማገኝ ተደርጌ ተቆረጠብኝ። ሪፈንድ ስንል እንደ ስጦታ ደስ የሚለን፣ መጀመሪያውኑ የራሳችን የነበረ፣ ያለ ወለድ ያበደርነው ገንዘብ ነው።

ወደ ጥገኛው ልመለስ። ከጦርነቱ በኋላ በነበረው ሕግ፣ ልጅ በዓመት 600 ዶላር ካገኘ አባት “ጥገኛዬ ነው” ብሎ ማስመዝገብ አይችልም ነበር። ስለዚህ ለአንድ ተማሪ 600ኛዋ ዶላር ቤተሰቡን የምታስከስር ዶላር ናት፤ እሷ ጋ ሳይደርስ ሥራውን ቢያቆም ይሻለዋል። በ1954 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፈረሙት ሕግ ይሄን ገደብ ለተማሪ ልጆች አነሳ። ከወጪው ከግማሽ በላይ የሚሸፍነው ወላጁ ከሆነ፣ ልጁ የፈለገውን ያህል ሠርቶ ጥገኛ ሆኖ መቆየት ቻለ። የማስገቢያውን ቀን ወደ ኤፕሪል 15 ያዞረውም ይኸው ሕግ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ፣ የሚሠራ ተማሪ ሁለት ጊዜ ይቆጠር ነበር፤ አንዴ አባቱ ፎርም ላይ፣ አንዴ በራሱ።

የ1986 ሕግ ይሄን አስቀረ። ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ። ከዚያም በላይ፣ አምስት ዓመት የሞላው ጥገኛ ሁሉ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ እንዲጻፍ አዘዘ። ትእዛዙ ሥራ ላይ ሲውል 7 ሚሊዮን ገደማ “ልጆች” ከአሜሪካ ፎርሞች ላይ ጠፉ። አንዳንዶቹ የተፋቱ ወላጆች ሁለቴ የጻፏቸው ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ጭራሽ ያልተወለዱ። እኔንና አባቴን ያጋጨን ይኸው የቁጥር ነገር ነው።

ደንቡን እስከ መጨረሻው ሳነብ ነው ያፈርኩት። ዕድሜህ ከ24 በታች ከሆነ፣ ሙሉ ሰዓት ተማሪ ከሆንክ፣ ቤትህ የወላጆችህ ቤት ከሆነና ከወጪህ ከግማሽ በላዩን ራስህ ካልሸፈንክ፣ ጥገኛ ነህ። ፎርሙ የሚጠይቀው “ሊያስመዘግብህ ይችላል ወይ?” ነው እንጂ የአንተን ክብር አይደለም። “አዎ” ብልም ፋይል ማድረግ እችል ነበር፤ ያቺ ሪፈንዴም አንዲት ሳንቲም አትጎድልም ነበር። በከንቱ ነው አባቴን ያስቀየምኩት።

ጠዋት ከሥራ ሲገባ ጠብቄ፣ “አባዬ፣ እኔ ነኝ” አልኩት።

ነገሩን ሁሉ ሰማኝ። ጫማውን እየፈታ ነበር። “ጥገኛ መባል አስጠልቶህ ነው?” አለኝ። በአማርኛ ቃሉ ክፉ ነው፤ ሆድ ውስጥ የሚኖረውንም ተውሳክ ጥገኛ ነው የምንለው። ከዚያ ያንን የተመለሰበትን ወረቀት አወጣና በጣቱ አሳየኝ። ከስሜ አጠገብ ዝምድና የሚጻፍበት ቦታ አለ። “እኔ እዚህ ጋ ‘ልጅ’ ብዬ ነው የጻፍኩህ።”

ማስተካከያውን፣ 1040-ኤክስ የሚባለውን፣ በዚያው ሳምንት ላክሁ። እሱ የራሱን በወረቀት በፖስታ ላከ። ሪፈንዱ የመጣው ክረምት ላይ ነው። እስከዚያ ኪራዩን በእቁብ ወዳጆቹ ብድር ከፈለ። የኔን ሪፈንድ ሙሉውን ብሰጠው ግማሹን ብቻ ተቀበለኝ።

አሁን 24 አልፎኛል፤ ሙሉ ሰዓት ሥራ ይዣለሁ፣ ማታ ማታ ማስተርሴን እማራለሁ። ዘንድሮ ያ ጥያቄ ሲመጣ “አይችልም” ማለቴ እውነት ነበር። ግን ከመላኬ በፊት ደውዬ ጠየቅኩት።