ውሉ ላይ ያልተጻፉ አዛውንቶች

የመንግሥትና የግል አጋርነት ሲባል ቶሎ የሚታወሰን መንገድና ኃይል ማመንጫ ነው። የሰፈር ሐኪም አይታወሰንም። ብሪታንያን ግን ተመልከቱ።

የብሪታንያ ሕክምና የመንግሥት ነው ይባላል፤ እውነትነቱ ግን በከፊል ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1948 አገልግሎቱ ሲጀመር ሆስፒታሎች ወደ መንግሥት ዞሩ፤ የቤተሰብ ሐኪሙ ግን የመንግሥት ተቀጣሪ አልሆነም። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ድምፅ ከሰጡት ሐኪሞች ከ10ሩ 9ኙ ገደማ ዕቅዱን ተቃውመው ነበር። በኋላ ሚኒስትሩ አናይሪን ቤቫን ክሊኒካቸውን እንደያዙ በውል እንዲሠሩ፣ በተመዘገበ ሰው ልክ እንዲከፈላቸው አደረገ። መነጽር ቤቶችም በውል ገቡ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ5 ሚሊዮን በላይ መነጽር ታደለ። ስንቱ ሽማግሌ ለዓመታት በጭላንጭል ሲኖር እንደነበረ ገምቱ።

ነገር ግን ክፍያው በነፍስ ወከፍ ከሆነ ደጋግመው የሚመላለሱ አዛውንት ለሐኪሙ ኪሳራ ናቸው። ስለዚህ በ1966 ዕድሜው ከ65 በላይ ለሆነ ሰው ተጨማሪ ክፍያ ተቆረጠ። በ1990 ደግሞ ግዴታ ተጻፈ፦ 75 ዓመት የሞላው ሁሉ በየዓመቱ ይታይ፣ ካስፈለገም ቤቱ ድረስ ይሄዱለት። ማየቱ፣ መስማቱ፣ መራመዱ፣ የአእምሮው ሁኔታ፣ የሚውጠው ኪኒን፣ አኗኗሩም ጭምር።

ሐኪሞቹ አጉረመረሙ። በ2004 ውሉ ሲታደስ ግዴታው ተነሳ፤ ምርመራው አዛውንቱ ራሳቸው ሲጠይቁ ብቻ የሚሰጥ ሆነ። (ለመጠየቅ አቅም ያጡትስ?) የሌሊቱንና የሰንበቱን ጥሪም ብዙዎቹ ተዉት። ውሉ ፈቅዶላቸዋል፤ አልፈርድባቸውም።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ከወጣ ቆይቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር ከነበሩት 16 ፓኬጆች ውስጥ የአዛውንት የሚባል አልነበረም። እናትና ሕፃን እየሞቱ ስለነበር ምርጫው ልክ ነበር። ሆኖም ያኔ የ50 ዓመት ጎልማሳ የነበሩት ዛሬ 70ን አልፈዋል፤ ደም ግፊቱና ስኳሩም አብሯቸው አለ።

ነገ አንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪውን ወይም መድኃኒት ቤቱን ለግል ድርጅት በውል ሲሰጥ፣ ጋዜጠኞች የፊርማውን ፎቶ ብቻ ይዘን አንመለስ። እኔ ውሉን ከፍቼ የምፈልገው አንድ አንቀጽ ነው፦ ከአልጋ መነሳት ያቃታቸው እማማ ቤት ማን ይሄዳል? በስንት ቀኑ? ካልሄደስ ከክፍያው ምን ያህል ይቀነሳል?