ሰርጎ ገብ ገንዘብ

«ጊደር መጋላ» ሲባል የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ያልወለደች ላም ትታየዋለች፤ የከብት ገበያ መሆን አለበት ብሎ ያልፋል። በሐረሪ ቋንቋ ግን ጊደር ማለት ትልቅ፣ መጋላ ማለት ገበያ ነው። በጁገል፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ እምብርት ያለው ትልቁ ገበያ ማለት ነው እንጂ ከጊደርም ከወይፈንም ጋር ዝምድና የለውም። ቃል ድምፁን ይዞ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ትርጉሙ በር ላይ ሊቀር ይችላል። አንድ አዲስ ቃል ወደ አማርኛ ለማስገባት ስሞክር የሰነበትኩት ይህንኑ እየፈራሁ ነው።

ቃሉ በእንግሊዝኛ «ኮቨርት ፎሪን መኒ» ይባላል። አንድ መንግሥት፣ አብዛኛውን ጊዜ የገዛ ሕዝቡ የማይጠይቀው አምባገነን መንግሥት፣ ምንጩን ሸሽጎ ወደ ሌላ አገር ፖለቲካ የሚያስገባው ገንዘብ ነው። ሸቀጥ አይገዛበትም። የሚገዛበት ፓርቲ፣ ጋዜጣ፣ የምርጫ ድምፅ ነው።

ምን እንበለው? «ጉቦ» ጠባብ ነው፤ ጉቦ ጉዳይ ያለው ሰው ጉዳዩን ለያዘለት ሹም የሚሰጠው ነው። «ጥቁር ገንዘብ» ብንል ሰሚው ዶላር የሚመነዘርበትን ጥቁር ገበያ ያስባል። ከሁሉ የከፋው «የውጭ ገንዘብ» ነው፤ ከቶሮንቶ ጁገል ላሉ እናቱ የወር አስቤዛ የሚልከውን ልጅ ከሰላይ ጋር አንድ ገመድ ያስረዋል። እኔ የመረጥኩት «ሰርጎ ገብ ገንዘብ» የሚለውን ነው። ሰርጎ ገብ የወገን መስሎ መስመር አልፎ የሚገባ ነው፤ ይህም ገንዘብ የሚገባው የአገሬውን ሰው ስም ለብሶ ነው።

ልዩነቱን ከሐረር ታሪክ ላሳይ። የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ የሐረሩ ገዥ ራስ መኮንን (ያኔ ደጃዝማች) ጣሊያን ሄደው በመስከረም 1882 ተጨማሪ ውል ፈረሙ። በዚያ ውል ምኒልክ አራት ሚሊዮን ሊሬ ተበደሩ፤ መያዣው የሐረር የጉምሩክ ገቢ ነበር። ብድሩ ካልተከፈለ ጣሊያን ሐረርን ልትጠይቅ ነው። አደገኛ ውል ነው፤ ግን ሰርጎ ገብ ገንዘብ አይደለም። አበዳሪው፣ መጠኑና መያዣው ተጽፏል። የተጻፈ ስለነበርም ምኒልክ ውጫሌን ሲያፈርሱ ዕዳውን ከነወለዱ ከፍለው ሐረርን ከመያዣነት አወጧት።

ከአርባ ዓመት በኋላ የመጣው የጣሊያን ገንዘብ ግን ያልተጻፈው ዓይነት ነበር። የፋሺስት መንግሥት ሐረርን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ቆንስላዎች ነበሩት፤ በእነሱና በአስመራ በኩል ከመኳንንቱ ጋር ይመሳጠር ነበር። ኢትዮጵያን የወረረው ጦር የመጀመሪያ አዛዥ ማርሻል ዴ ቦኖ ራሱ ባሳተመው ማስታወሻው፣ ከጦርነቱ በፊት ኢትዮጵያን ከውስጥ ለመከፋፈል ያካሄደውን ዘመቻ ሳይደብቅ ጽፎታል። ሙሶሊኒ በ1935 (እ.ኤ.አ.) የማሪያ ቴሬዛን ብር መምቻ ቅርፅ ከኦስትሪያ ወስዶ ጠገራ ብሩን ሮም ውስጥ ያስመታ ጀመር። በእጅህ ያለው ብር አያትህ የሚያውቁት ያው ጠገራ ነው፤ ከማን እንደመጣ ግን ፊቱ ላይ አይነበብም።

የታወቀው ተቀባይ የአፄ ኃይለ ሥላሴ አማች የነበሩት ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ናቸው። ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር እንደጻፈው፣ በአስመራ የኢትዮጵያ ቆንስል የነበሩት ወዳጆ ዓሊ የደጃዝማቹን ክፍያ ማስረጃ ለንጉሡ አቅርበው ነበር። ንጉሡ ግን ብዙ መኳንንት የጣሊያንን ገንዘብ እየተቀበሉም ለአገራቸው ታማኝ ናቸው በሚል ነገሩን አቀለሉት። ለብዙዎቹ እውነት ነበር። ችግሩ የትኛው እንደሚከዳ አስቀድሞ አለመታወቁ ነው። ጦርነቱ በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ተከፍቶ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደጃዝማቹ ለጣሊያን ገቡ። ወደ መቀሌ የሚወስደው መንገድ ተከፈተ።

ዛሬ ዒላማው የምርጫ ኮሮጆ ነው። «አላያንስ ፎር ሴኪዩሪንግ ዲሞክራሲ» የተባለው ተቋም በ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት፣ ሩሲያን፣ ቻይናንና ሌሎች መንግሥታትን ጠቅሶ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ በ33 አገሮች ፖለቲካ ውስጥ እንደፈሰሰ ዘርዝሯል። በጥቅምት 2024 ሞልዶቫ በአውሮፓ ኅብረት ጉዳይ ሕዝበ ውሳኔ ስታካሂድ፣ ከዚያ በፊት በነበረው አንድ ወር ብቻ 15 ሚሊዮን ዶላር በአንድ የሩሲያ ባንክ በኩል ለ130,000 ሰዎች መላኩን ፖሊስ አስታወቀ። ውጤቱ 50.35 በመቶ ድጋፍ ሆነ፤ የድምፁ ልዩነት ከ11,000 ያነሰ ነበር።

የሰርጎ ገብ ገንዘብ መግቢያው በር አይደለም። የጁገል አምስቱ በሮች በሌሊት በሚዘጉበት ዘመንም ጅቡ በግንቡ ሥር በተተወለት ቀዳዳ ይገባ ነበር። (ለሐረር ሰው ይህ ምሳሌ ጅቡን መበደል ነው፤ ጅቡ ከተማ ያጸዳል።) የዘመኑ ቀዳዳዎች ስሙን ያከራየ ለጋሽ፣ ባለቤቱ የማይታወቅ ኩባንያ፣ ለይስሙላ የቆመ ማኅበር፣ ከፋዩ ያልተገለጸ የማኅበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያ ናቸው። የእኛ የምርጫ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ ፓርቲዎች ከውጭ ዜጋ፣ ከውጭ ድርጅትና ምንጩ ካልታወቀ ሰው ስጦታ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። ከሦስቱ ለእኔ ዋናው የመጨረሻው ነው።

ይህን የምለው ቃሉ ራሱ ስለሚያስፈራኝ ነው። «ሰርጎ ገብ» በአገራችን ተቃዋሚን ለመኮነን ብዙ ጊዜ ተነግሯል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በሰብዓዊ መብት ላይ የሚሠራ አገር በቀል ድርጅት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ ከለከለ። ገንዘቡ በኦዲት የሚመረመር፣ ሰጪውም በስም የሚታወቅ ነበር፤ ሕጉ ግን የጠየቀው ከየት አገር መጣ የሚለውን ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ የባንክ ሒሳቡ ታገደበት፤ አብዛኞቹን ቅርንጫፍ ቢሮዎቹንም ዘጋ። አዋጁ የተሻረው ከአሥር ዓመት በኋላ በ2011 ዓ.ም. ነው።